ከኮምቦልቻ ሆነው ኦሪትን በየሳምንቱ ለማንበብ

ኮምቦልቻ አዛንና ቅዳሴ የሚሰማባት ከተማ እንጂ ምኩራብ ያላት አይደለችም፤ ደሴም እንደዚያው ናት። ሆኖም በዓለም ዙሪያ ያሉ አይሁድ በየቅዳሜው የሚያነቡትን የኦሪት ክፍል እዚሁ ቦርከና ወንዝ ዳር ተቀምጦ ከእነሱ እኩል ማንበብ ይቻላል። የሚያስፈልገው አንድ መጽሐፍ ቅዱስ፣ አንድ ደብተር፣ በቀን ሩብ ሰዓት እና ቢያንስ አንድ ሌላ ሰው ነው። ይህን የመጨረሻውን ብዙዎች ይዘሉታል፤ ከሦስት ሳምንት በኋላ የሚያቆሙትም በዚሁ ምክንያት ነው። ኦሪት በሳምንት ተሸንሽኖ የተሰጠው በማኅበር እንዲነበብ ነው።

ይህን ስጽፍ የማስባቸው አንባቢዎች ብዙ ዓይነት ናቸው። ዘመዶቹ ወደ እስራኤል ሄደው አርብ ማታ «ሰንበት ሰላም» እያሉ ሲደውሉለት የሚናገሩት ነገር ግማሹ የማይገባው ሰው አለ። ከልጅነቱ ጀምሮ ወንጌልና መዝሙረ ዳዊት ሲሰማ አድጎ ኦሪትን ግን ከዳር እስከ ዳር አንብቦት የማያውቅ ክርስቲያን አለ። የነቢዩ ሙሳንና የነቢዩ ዩሱፍን ታሪክ ከቁርኣን የሚያውቅ፣ ኦሪቱስ እንዴት ይለዋል ብሎ የሚጠይቅ ሙስሊምም አለ። ማንም ሃይማኖቱን እንዲለውጥ አልጠይቅም፤ ንባቡም ይህን አይጠይቅም።

ዓመቱን ይወቁት

አምስቱ የሙሴ መጻሕፍት በ54 የሳምንት ክፍሎች ተከፍለዋል፦ ዘፍጥረት 12፣ ዘጸአት 11፣ ዘሌዋውያን 10፣ ዘኍልቍ 10፣ ዘዳግም 11። እያንዳንዱ ክፍል «ፓራሻ» ይባላል፤ ስሙም ከመክፈቻ ቃላቱ ይወሰዳል። የመጀመሪያው «በሬሺት» ነው፤ ከዘፍጥረት 1፥1 እስከ 6፥8 ይሄዳል። ሁለተኛው «ኖኅ» እስከ ምዕራፍ 11 መጨረሻ፣ ሦስተኛው «ሌኽ ሌኻ» ከምዕራፍ 12 እስከ 17 ነው።

ዙሩ የሚያበቃውና የሚጀምረው በአንድ ቀን ነው። የዳስ በዓል እንዳለቀ «ሲምሐት ቶራ» በሚባለው በዓል የዘዳግም መጨረሻ ተነብቦ ወዲያው ዘፍጥረት ይከፈታል። የአዲሱ ዙር የመጀመሪያ ቅዳሜ በእኛ አቆጣጠር ከመስከረም አጋማሽ እስከ ጥቅምት አጋማሽ ባለው ጊዜ ውስጥ ይውላል። ከዓመት ዓመት ወዲያ ወዲህ የሚለው የዕብራውያን ወር ጨረቃን ስለሚከተል ነው፤ በ19 ዓመት ውስጥ ሰባት ጊዜ 13ኛ ወር ይጨመራል። ያ ወር በማይጨመርበት ዓመት አንዳንድ ክፍሎች ጥንድ ሆነው በአንድ ቅዳሜ ይነበባሉ።

እስራኤል ካለ ዘመድ ጋር አብረው የሚያነቡ ከሆነ አንድ ነገር ይጠንቀቁ። ከእስራኤል ውጭ ያሉ አይሁድ አንዳንድ በዓላትን በአንድ ቀን አስረዝመው ስለሚያከብሩ፣ ያ ተጨማሪ ቀን ቅዳሜ ላይ ሲውል የእስራኤል ንባብ በአንድ ሳምንት ቀድሞ ይሄዳል፤ እስኪገጣጠሙም ሳምንታት ይወስዳል። ስለዚህ በስልክ «የትኛው ክፍል ላይ ናችሁ?» ብሎ መጠየቅ ጥሩ ነው። ሰንጠረዡን «ሄብካል» ከሚባለው የዕብራውያን ካላንደር ላይ በነፃ ያገኙታል። ባገኙት ቀን ግን የዓመቱን በሙሉ በእጅዎ ደብተር ላይ ይገልብጡት። ከ2015 ክረምት ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ እንደነበር አንዘነጋም፤ ሰንበት ደግሞ ኔትወርክ እስኪመለስ አይጠብቅም።

መጠኑ አያስፈራዎት። አምስቱ መጻሕፍት በአንድነት 5,845 ቁጥሮች አሏቸው፤ ለሳምንት ሲካፈል ወደ 108፣ ለቀን 15 ገደማ ይደርሳል። እርግጥ ክፍሎቹ እኩል አይደሉም፤ ከዘኍልቍ «ናሶ» 176 ቁጥር አለው፣ ከዘዳግም «ቫዬሌኽ» ግን 30 ብቻ። መጽሐፍዎ በ1954 ዓ.ም. የታተመው የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ ቢሆን ይበቃል። አንዳንድ ቦታ የቁጥሩ አቆጣጠር ከዕብራይስጡ በአንድ ቢለያይ አይደናገሩ።

ሳምንቱን ይከፋፍሉት

በምኩራብ የቅዳሜ ጠዋት ንባብ በሰባት ይከፈላል፤ ለእያንዳንዱ አንድ ሰው ወደ መጽሐፉ ይጠራል። ይህንኑ አከፋፈል ለሳምንትዎ ይጠቀሙበት፦ እሑድ የመጀመሪያውን፣ ሰኞ ሁለተኛውን፣ እያሉ ቅዳሜ ሰባተኛውን። ሰኞና ሐሙስም በምኩራብ የመጪው ቅዳሜ ክፍል መጀመሪያ ይነበባል፤ ሕዝቡ ከኦሪት ሦስት ቀን ሙሉ እንዳይርቅ ተብሎ የተሠራ ጥንታዊ ሥርዓት ነው። አንድ ቀን ካመለጥዎት በማግሥቱ ሁለቱን ያንብቡ፤ አንድ ሳምንት ካመለጥዎት ግን ወደ ኋላ አይመለሱ። ማኅበሩ ያለበት ቦታ ላይ ይግቡ። ያለፈውን አሟላለሁ ብሎ ከሁሉም ተነጥሎ ወደ ኋላ የቀረ ሰው ብዙ ጊዜ መጽሐፉን ያጥፈዋል።

ሰንበት አርብ ፀሐይ ስትጠልቅ ይገባል። ለዚህ ኮምቦልቻ የምትመች አገር ናት፤ ዓመቱን ሙሉ ፀሐይ የምትጠልቀው ከምሽቱ 12 ሰዓት አካባቢ ጀምሮ እስከ 12 ሰዓት ከ45 ገደማ ባለው ጊዜ ነው። አውሮፓ እንዳሉት ወገኖቻችን በክረምትና በበጋ መካከል በብዙ ሰዓት የሚለዋወጥ ሰንበት የለብንም። እንደ ቤተ እስራኤል (የኢትዮጵያ አይሁድ) አባቶች ለመሞከር ከፈለጉ ዳቦውን አርብ ጋግረው ያሳድሩ፣ ገላዎን ይታጠቡ፣ የጸዳ ልብስ ያዘጋጁ። እነሱ በሰንበት እሳት ስለማይነካ ምግባቸውን ቀዝቃዛ ይበሉ ነበር። ለወሎ ሰው ከባዱ የቡናው ነገር ነው፤ አርብ አፍልቶ ፔርሙዝ ውስጥ ማስቀመጥ ችግሩን ያቃልለዋል። ይህ ሁሉ ግዴታ አይደለም። ግን ስልኩን አጥፍቶ፣ ከገበያ ርቆ የተቀመጠ ሰው ንባቡ ከሌላው ቀን በተለየ ሁኔታ እንደሚገባው ሞክረው ያዩታል።

ሁለት ጊዜ ንባቡን፣ አንድ ጊዜ ትርጓሜውን

የታልሙድ (የአይሁድ የሕግና የትርጓሜ መጽሐፍ) ሊቃውንት ሰው የሳምንቱን ክፍል ሁለት ጊዜ በንባቡ፣ አንድ ጊዜ በትርጓሜው እንዲጨርስ አዘዋል። በአብነት ትምህርት ቤት ያለፈ ሰው ይህ እንግዳ አይሆንበትም፤ እኛም ዘንድ ንባብ ቤት ይቀድማል፣ ትርጓሜ ቤት ይከተላል። ግዕዝ የሚያውቁ ከሆነ ሁለቱን በግዕዝ አንዱን በአማርኛ ያድርጉት። የማያውቁ ከሆነ ሦስቱንም በአማርኛ ያንብቡ፤ ሦስተኛውን ግን ድምፅዎን ከፍ አድርገው።

በመጀመሪያው ዙር ምንም አይጠይቁ፤ ታሪኩን ብቻ ይከተሉ። በሁለተኛው እርሳስ ይያዙ። የተደጋገመ ቃል፣ መናገር ሲገባው ዝም ያለ ሰው፣ ያለ ምክንያት የገባ የሚመስል ዝርዝር ያስምሩ። ለምሳሌ ዘኍልቍ ምዕራፍ 12ን እንውሰድ፤ «ቤሃዓሎትኻ» በሚባለው ክፍል መጨረሻ ላይ ነው ያለው። ማርያምና አሮን ወንድማቸውን ሙሴን ያሙታል፤ ሰበቡ ያገባት ኢትዮጵያዊት ናት። የአገራችን ስም ስለተጠራ አብዛኛው አንባቢ እዚያው ላይ ይቆማል። በመጀመሪያው ንባብ እርስዎም ቢቆሙ አይፈረድብዎትም፤ በሁለተኛው ግን አልፈው ይሂዱ። ማርያም በለምጽ ትመታለች። የሚማልድላት የታማው ሙሴ ራሱ ነው፤ ጸሎቱም በዕብራይስጡ አምስት ቃል ብቻ ናት። ማርያም ከሰፈር ውጭ ሰባት ቀን ትቀመጣለች። ከዚያ ሳያስተውሏት የምታልፍ አንዲት አጭር ነገር ትመጣለች፦ እሷ እስክትመለስ ሕዝቡ አልተጓዘም።

እዚህ ላይ እርሳስዎን ያስቀምጡና ይጠይቁ። በዚያው ክፍል ትንሽ ቀደም ብሎ ሰፈሩ የሚነሣው ደመናው ሲነሣ ነው ተብሏል። ታዲያ ያ ሁሉ ሕዝብ፣ ሕፃን የያዘው፣ ከብት የሚነዳው፣ በጥፋቷ ለተቀጣች አንዲት ሴት በምድረ በዳ ሰባት ቀን ለምን ይቀመጣል? የሚሽና (የታልሙድ መሠረት የሆነው የሕግ ስብስብ) ሊቃውንት መልሳቸውን ከዘጸአት ምዕራፍ 2 ያመጣሉ። ሕፃኑ ሙሴ በዓባይ ዳር በሣጥን ተጥሎ ሳለ እኅቱ ምን እንደሚደርስበት ለማየት ቆማ ጠብቃዋለች፤ እሷ ለጥቂት ጊዜ ስለ ጠበቀችው ሕዝብ ሁሉ ሰባት ቀን ጠበቃት ይላሉ። ሌላ መልስ ካገኙ ደግሞ ይጻፉት። ከዚያ በደብተርዎ ላይ አንድ ጥያቄ ለራስዎ ያክሉ፦ እኔ ባለሁበት ዕድር፣ መሥሪያ ቤት ወይም ቤተሰብ ውስጥ ሳንጠብቀው ትተነው የሄድነው ማን ነው? ሦስተኛው ንባብ የሚሆነው ይህን ጥያቄ ይዘው ነው።

ዘሌዋውያን ሲደርስ አይዝለሉ

ከዘጸአት ምዕራፍ 25 ጀምሮ የድንኳኑ መጋረጃና ምሰሶ ልክ ይመጣል፤ ከዚያ የመሥዋዕቱ ሕግ። ብዙ ሰው የሚዝለው እዚህ ነው። ሌላ አገር ያለ አንባቢ ቢሰለች እረዳዋለሁ። ለእኛ አገር ሰው ግን ዘሌዋውያን የሚኖረው መጽሐፍ ስለሆነ ቢዘለው በጣም አዝናለሁ።

«ታዝሪያ» የሚባለው ክፍል ምዕራፍ 12 ላይ ይጀምራል። ወንድ የወለደች ሴት 7 እና 33 ቀን፣ ሴት የወለደች 14 እና 66 ቀን ትቆያለች ይላል። ይደምሯቸው፦ 40 እና 80። ክርስቲያን ጎረቤትዎ ወንድ ልጁን በ40 ቀን፣ ሴት ልጁን በ80 ቀን ክርስትና የሚያስነሣው ለምን እንደሆነ እዚህ ያገኙታል። በስምንተኛው ቀን ግርዘትም እዚያው አለ። አንድ ክፍል ወደ ኋላ ብለው «ሽሚኒ»ን ቢያነቡ ምዕራፍ 11 ላይ የሚበላና የማይበላ እንስሳ ዝርዝር ይመጣል። ወሎ ውስጥ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ዐሣማ አይበላም። ግመል ላይ ግን ይለያያሉ፤ ሙስሊሙ ይበላል፣ ክርስቲያኑ አይነካም፤ በባቲ ገበያ አጠገብ ያደገ ሰው ይህን ልዩነት ከሕፃንነቱ ያውቀዋል። የክርስቲያኑ ክልከላ ምንጩ ያ ምዕራፍ፣ ቁጥር 4 ነው። እንዲህ ያለውን ቦታ ሲያገኙ እናትዎን ወይም አያትዎን ይጠይቁ፦ «ይህን ለምንድን ነው የምናደርገው?» የሚሰጡዎትን መልስ ከመጽሐፉ ጎን ይጻፉት።

ቤተ እስራኤል ደግሞ ይህን መጽሐፍ ከማንም በላይ በሰውነታቸው ጠብቀውታል። ሴቶች በወር አበባና በወሊድ ጊዜ ከመንደሩ ጥግ ባለ የመርገም ጎጆ ይቀመጡ ነበር። ከሌላ ሰው ጋር ከተነካኩ በወንዝ ታጥበው ነበር የሚገቡት፤ በዚህም ጎረቤቶቻቸው «አትንኩኝ» ይሏቸው ነበር። የፋሲካን በግ መሥዋዕት የቀረው የአይሁድ ዓለም ከቤተ መቅደሱ መፍረስ ጋር ትቶት ሳለ እነሱ እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን ድረስ ይሠዉ ነበር። እነዚህን ምዕራፎች በዚህ ዓይን የሚያነብ ሰው አይሰለችም።

ምዕራፍ 19 ላይ ሲደርሱ ደግሞ፣ «ክዶሺም» በሚባለው ክፍል፣ ፍጥነትዎን ይቀንሱ። የቀን ሠራተኛ ደመወዝ በአሠሪው እጅ እስከ ነገ አይደር ይላል። ኮምቦልቻ በፋብሪካና በግንባታ የምትኖር ከተማ ናት፤ አሸዋ የሚያወጣው፣ ሲሚንቶ የሚያወርደው ወጣት ማታ በእጁ የሚገባውን ቆጥሮ ነው ለቤቱ ዳቦ የሚገዛው። ሠራተኛ የሚያሠሩ ከሆነ የዚያ ሳምንት ንባብ ፍሬው አንድ ብቻ ነው፦ የሰው ገንዘብ ሳያሳድሩ መክፈል። በዚያው ምዕራፍ መጨረሻ አካባቢ ስለ መጻተኛ የተባለው አለ፤ እናንተም በግብፅ መጻተኞች ነበራችሁ የሚል ምክንያት ይከተለዋል። ኦሪት ስለ መጻተኛ የሚያስጠነቅቅበትን ቦታ ታልሙድ ሲቆጥረው 36 ያደርሰዋል። በ2013 ክረምት ከሰሜን ወሎ የተፈናቀሉ ወገኖቻችን በደሴና በኮምቦልቻ ትምህርት ቤቶች ተጠልለው ሳሉ ምግብ ያመላለሰ፣ በ2014 ጥቅምት ደግሞ በተራው ቤቱን ዘግቶ የተሰደደ የከተማችን ሰው ያን ምክንያት ማንም ሳያብራራለት ይገባዋል።

አንድ ሰው ያግኙ

በአይሁድ ዘንድ ጥናት የሚደረገው ጥንድ ጥንድ ሆኖ ነው፤ «ሐቭሩታ» ይሉታል። ሁለት ሰዎች አንድ ገጽ ከፍተው አንዱ ያነባል፣ ሌላው ይሞግታል። የሚመርጡት ሰው በሁሉም የሚስማማዎ ከሆነ አይጠቅምዎትም፤ የሚከራከርዎትን ይፈልጉ። ክርክሩ ግን በጽሑፉ ላይ ይሁን። «ያንተ ሃይማኖት፣ የኔ ሃይማኖት» ወደሚል ከተንሸራተተ መጽሐፉን ከፍተው ቁጥሩን እንደገና ያንብቡ።

ወሎ ለዚህ የታደለች ናት። ክርስቲያንና ሙስሊም በአንድ ቤተሰብ ውስጥ ተጋብተው በሚኖሩባት አገር የዮሴፍን ታሪክ ከሙስሊም ወዳጅ ጋር ማንበብ ብዙ ያስተምራል። ከዘፍጥረት ምዕራፍ 37 እስከ 50 ያሉት አራት ክፍሎች አብዛኛውን ጊዜ በኅዳርና በታኅሣሥ ይውላሉ። ወዳጅዎ ሱረቱ ዩሱፍን ይዞ ይምጣ፤ እርስዎ ዘፍጥረትን። ሁለቱ የት እንደሚገናኙና የት እንደሚለያዩ በዝርዝር ይመዝግቡ። ቀን ሲመርጡ አርብ ቀትር ጁምዓ አለ፣ እሑድ ጠዋት ቅዳሴ አለ፤ ቅዳሜ ከሰዓት ለሁለቱም ይመቻል። ደግሞም ያ ሰዓት የሰንበት ሰዓት ነው።

ዘመድዎ በእስራኤል ካለ እሱም ሐቭሩታ ሊሆን ይችላል። ዛሬ በዚያ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያዊ ዝርያ ያላቸው እስራኤላውያን ይኖራሉ። አርብ ከሰዓት፣ ሰንበት ሳይገባባቸው፣ ይደውሉ። «እንዴት ናችሁ?» ካሉ በኋላ ካነበቡት ክፍል አንድ ጥያቄ ይጠይቁ። ያሳደጉዎት አጎት ወይም አክስት ከሆኑ ደግሞ የቤተ እስራኤል ቄሶች በድሮው መንደር ያን ምዕራፍ እንዴት ይተረጉሙት እንደነበር ይጠይቋቸው። ይህን የሚያስታውስ ሰው በየዓመቱ እየቀነሰ ነው፤ የሚነግሩዎትን ይጻፉ፣ ቢፈቅዱ ድምፃቸውን ይቅዱ። ሰንበት ከገባ ግን አይደውሉ፤ ብዙዎቹ ስልክ አያነሡም።

ወደ ምኩራብ ሲሄዱ

በዓመት አንድ ጊዜ እንኳ ቢሆን ንባቡ በማኅበር ሲነበብ መስማት ያስፈልጋል። ከኮምቦልቻ ቅርቡ አዲስ አበባ ነው፤ ከአደን የመጡ አይሁድ ነጋዴዎች ያቆሙት አሮጌ ምኩራብም፣ ወደ እስራኤል ለመሄድ የሚጠባበቁ ወገኖች የሚጸልዩበትም እዚያ አለ። ጎንደርም እንዲሁ ብዙ ዓመት የሚጠባበቅ ማኅበር የሚጸልይበት ምኩራብ አለ። ከጎንደር ከተማ ወጣ ብላ ያለችው ወለቃ ደግሞ በሸክላ ሥራዋና በአሮጌ ጸሎት ቤቷ ትታወቃለች። ከመነሣትዎ በፊት የመንገዱን ሰላም ያጣሩ፤ ዝም ብለውም አይሂዱ። ቀድመው ደውለው ወይም በሰው በኩል አስፈቅደው፣ መታወቂያ ይዘው፣ በሳምንቱ የሥራ ቀን ራስዎን አስተዋውቀው ለሰንበት ይጋበዙ። በር ላይ ፍተሻ ቢኖር አይቀየሙ።

የማን ቤት እንደሚገቡ ማወቅም ያስፈልጋል። ቤተ እስራኤል በሰሜን፣ በደምቢያ፣ በወገራ፣ በትግራይና በላስታ ለዘመናት የኖሩ ናቸው፤ ላስታን ስንጠራ የወሎም ታሪክ መሆኑን እናስተውል። ኦሪታቸው በግዕዝ በብራና የተጻፈ መጽሐፍ ነው፤ ከአምስቱ ጋር ኢያሱን፣ መሳፍንትንና ሩትን ይጨምራል። ቄሶቹ በሰንበትና በበዓል በግዕዝ ያነቡታል፣ ሕዝቡ በሚሰማው ቋንቋ ይተረጉሙታል። የ54ቱ ክፍል ዙር የረቢዎች ሥርዓት ነው፤ ወደ እነሱ የገባውም ከውጭው የአይሁድ ዓለም ጋር በተደረገ ግንኙነት ነው። ያ ግንኙነት እ.ኤ.አ. በ1904 ወደ ኢትዮጵያ በመጣው በአይሁዳዊው ምሁር በዣክ ፋይትሎቪች፣ በኋላም እንደ ታምራት አማኑኤልና ዮና ቦጋለ ባሉ የአገር ልጆች መምህራን ተስፋፍቷል። እ.ኤ.አ. በ1973 የእስራኤል ዋና ረቢ የነበሩት ኦቫዲያ ዮሴፍ አይሁድነታቸውን አረጋገጡ። እ.ኤ.አ. በ1984 መጨረሻና በ1985 መጀመሪያ የእስራኤል «ዘመቻ ሙሴ» ብዙ ሺህ ሰዎችን ከሱዳን አወጣ፤ ከዚያ በፊት ግን በእግር ጉዞውና በሱዳን መጠለያዎች ሺዎች አልቀዋል። እ.ኤ.አ. ግንቦት 1991 «ዘመቻ ሰሎሞን» ከ14 ሺህ በላይ ሰዎችን ከአዲስ አበባ በ36 ሰዓት ገደማ አጓጓዘ። ከዚያ ወዲህ የቀሩት ብዙዎቹ እናት ወይም ወንድም ማዶ፣ እነሱ ወዲህ ሆነው ተከፍለው ይኖራሉ። የማርያምን ሰባት ቀን ከእነሱ ጋር ተቀምጦ ማንበብ ቤት ውስጥ ብቻ ከማንበብ ጋር አይወዳደርም።

ስለዚህ አፍዎን ይጠብቁ። «ፈላሻ» የሚለውን ቃል አይጠቀሙ፤ ቤተ እስራኤል ይበሉ። ቀጥቃጭና ሸክላ ሠሪን «ቡዳ» ብሎ የመጥራት የቆየ በደል በእነሱ ላይ ብዙ ጉዳት አድርሷል፤ በቀልድም ቢሆን አይነሣ። «መቼ ነው የምትሄዱት?» ብለው አይጠይቁ፤ መልሱ በእጃቸው የለም። ስምዎን ከተጓዦች ዝርዝር አስገባለሁ ብሎ ገንዘብ የሚጠይቅ ሰው ካጋጠመዎት አይክፈሉ።

ሰንበት ጠዋት ቀደም ብለው ይድረሱ። ወንድ ከሆኑ ራስዎን በኪፓ (በትንሽ ቆብ) ወይም በኮፍያ ይሸፍኑ፤ ሴት ከሆኑ ነጠላዎን ይልበሱ፤ ወንዶችና ሴቶች ተለያይተው ይቀመጣሉ። ስልክዎን ቤት ይተዉት፤ ፎቶ አይነሣም፣ ገንዘብም በሰንበት አይሰጥም፤ መርዳት ከፈለጉ በሌላ ቀን ለማኅበሩ ኃላፊዎች ይስጡ። ለጸሎቱና ለንባቡ አሥር አዋቂ ወንዶች መሟላት አለባቸው፤ አይሁዳዊ ያልሆነ እንግዳ ከቁጥሩ አይገባም፣ ወደ ንባቡም አይጠራም። የኦሪቱ ጥቅል ከሣጥኑ ሲወጣ ሁሉም ይነሣል፤ እርስዎም ይነሡ። ጥቅሉን ይዘው በመካከል ሲያልፉ ወንዶቹ በጣሊታቸው (በጸሎት መጎናጸፊያቸው) ጫፍ ነክተው ይስማሉ። አንባቢው የሚያነበው አናባቢ ከሌለው ጽሑፍ ነው፤ ሳምንቱን ሙሉ ሲያጠናው ሰንብቷል። ሲሳሳት ከሕዝቡ መካከል ድምፅ ከፍ አድርገው ያርሙታል፤ እሱም መልሶ ያነባል እንጂ አያፍርም። የሳምንቱን ክፍል አስቀድመው አንብበው ከሄዱ ዕብራይስጡን ባይሰሙ እንኳ አብርሃም፣ ሙሴ፣ ፈርዖን የሚሉትን ስሞች እየተከተሉ የት እንደደረሱ ያውቃሉ። ሲያልቅ ዳቦ ተባርኮ ይቆረሳል። ሲጋበዙ እምቢ አይበሉ፤ ከሰንበቴ ማኅበር የተለየ አይምሰልዎት፣ ጨዋታውም ጥያቄውም የሚመጣው እዚያ ላይ ነው።

አንድ ጊዜ ብቻ መሄድ ከቻሉ የቤተ እስራኤል በዓል ለሆነው ለስግድ ይሂዱ። ከአስተስርዮ (ከአይሁድ የስርየት ቀን) በኋላ በ50ኛው ቀን፣ በአብዛኛው በኅዳር ይውላል። ድሮ በአምቦበር መንደር ሕዝቡ ጾሞ ቄሶቹን ተከትሎ ተራራ ይወጣ ነበር፤ የኦሪቱ የሲና ምዕራፎችና የነህምያ ንባብ ከተሰማ በኋላ ወርዶ ይበላል። ዛሬ ዋናው በዓል ኢየሩሳሌም ላይ ይከበራል፤ የእስራኤል ፓርላማ እ.ኤ.አ. በ2008 ብሔራዊ በዓል አድርጎታል። ከመሄድዎ በፊት ነህምያ ምዕራፍ 8ን ያንብቡ፦ ዕዝራ በእንጨት መድረክ ላይ ቆሞ ከማለዳ እስከ ቀትር ያነባል፣ ሌዋውያኑ ሕዝቡ እንዲያስተውል ያስረዳሉ። ኦሪትን በማኅበር የማንበብን ሥርዓት ብዙዎች ከዚያ ጋር ያያይዙታል።

ለመጀመር ጥቅምትን አይጠብቁ። ዛሬ ማታ የዚህን ሳምንት ክፍል ስም ይፈልጉ። ዕለቱ ማክሰኞ ከሆነ ከሰባቱ ሦስተኛውን፣ ሐሙስ ከሆነ አምስተኛውን ያንብቡ፤ ከፊት ያለፈው በመጪው ዓመት ተመልሶ ይመጣል። ነገ ጠዋት ደግሞ አብሮዎት የሚያነብ አንድ ሰው ይጥሩ።